ስልሳ አንድ ዲግሪ

ፉሳኤ ጣቷን ውሃ ውስጥ ነክራ ሙቀቱን መናገር ትችል ነበር። የመብራት ማመንጫ ጣቢያው ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ዓመት መሐንዲሶቹ ለጨዋታ ብለው ሦስት ባልዲ ውሃ አሰልፈው ፈተኗት፤ ሦስቱንም ከአንድ ዲግሪ በላይ ሳትስት ነገረቻቸው። እነሱ አጨበጨቡ። እሷ እጇን በሽርጧ ጠርጋ የቀሯትን ቦታዎች ልትዞር ሄደች። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፤ ማክሰኞ ደግሞ አሥራ አራት ቦታ ማዳረስ አለባት።

የተወለደችው እዚያው ካማዳኒ ነው፤ ከጣቢያው ሥር፣ ከገደሉ አፍ ላይ በተሰቀለችው መንደር። የመንደሩ ሰው ግማሹ የቤተሰብ ስሙ ኮጋ ስለሆነ ሰው የሚጠራራው በቤተሰብ ስም ሳይሆን በራሱ ስም ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ወደ ባሕሩ ዳር ወርዳ ዓሣ በሚታሸግበት ፋብሪካ አሥራ አራት ዓመት ሠራች። እናቷ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሲሆን ተመልሳ መጣች። አንድ የጣውላ ነጋዴ አጭቷት ነበር፤ እናቷን ጥላ እንደማትሄድ ሲገባው ሌላ አገባ። እናቷ ስድስት ዓመት ተኝተው ሞቱ፤ ፉሳኤም በዚያው ቀረች።

ጣቢያው ከመሬት ሆድ እንፋሎትና የፈላ ውሃ አውጥቶ በእንፋሎቱ መብራት ያመነጫል። የተረፈው ውሃ ወንዝ ውስጥ እንዳይለቀቅ ጨውና መርዝ አለበት፤ ስለዚህ በሌላ ጉድጓድ ወደ መሬት ይመለሳል። ከመንደሩ ጋር ሦስት ዓመት ክርክር የነበረው በዚህ ነው። ፍል ውሃችንን ታደርቁብናላችሁ ብሎ መንደሩ አልፈርምም አለ። በመጨረሻ ሦስት ነገር ተስማሙ፦ የወጣው ውሃ ይመለሳል፤ ከመንደሩ የተመረጠ ሰው በየሳምንቱ ምንጮቹን እየለካ ውጤቱ በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ የዋናው ምንጭ ሙቀት ከሦስት ዲግሪ በላይ ከወረደ ደግሞ ጣቢያው ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ሥራውን በግማሽ ይቀንሳል። የምትለካው ፉሳኤ ትሁን ተባለ። ከማንም ወገን አልነበረችም፤ ዳገትም አይደክማትም።

እንዲህ ሆና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዞረች። በክትትል ጉድጓዶቹ ውስጥ ውሃ ሲነካ ጢጥ የሚል መለኪያ ገመድ ትሰዳለች፤ ምንጮቹን በቴርሞሜትር ትለካለች፤ ጨዉ እንዲመረመር በጠርሙስ ትቀዳለች። አንድ ዓመት ጣቢያው በመመለሻው ጉድጓድ አረንጓዴ ቀለም ጨምሮ፣ ውሃው ከመሬት በታች ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ አርባ ቀን ሙሉ ምንጮቹን እየዞረች እንድታይ አደረጋት። አንድም ምንጭ አልቀለመም። ሥራዋን ትወደው ነበር ማለት ይከብዳል፤ እሷ እንዲህ ያለ ቃል አትናገርም። ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የቀረችበት ማክሰኞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእናቷ የሙት ዓመት መታሰቢያ የዋለበት ነው።

የመንደሩን መታጠቢያ ቤት የሚጠብቁት ቶኩጂ ነበሩ፤ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጣቢያውን በመጀመሪያ አጥብቀው የተቃወሙት እሳቸው ሲሆኑ፣ በኋላ ደግሞ “የወሰዱትን ለመሬቱ ከመለሱ ምን አገባኝ” ብለው ቀድመው የፈረሙትም እሳቸው ናቸው። ፉሳኤ በሩ ላይ ብቅ ስትል መጥረጊያቸውን አስደግፈው ይጠብቋታል። ዘመዷ አይደሉም፤ እንደ መንደሩ ልማድ ግን አጎቴ ትላቸዋለች።

“የውሃ ሐኪሟ መጣች። በሽተኛሽ እንዴት አደረ?”

“ከእርስዎ ይሻላል፣ አጎቴ። እሱ ቢያንስ አያስልም።”

“እኔ እኮ የምስለው አንቺ እንድታዝኚልኝ ነው።”

ወረቀቱን ስትለጥፍ መነጽራቸውን አውጥተው ከላይ እስከ ታች ያነባሉ። ሌላ ሰው አያነበውም። ስልሳ አንድ፣ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ነጥብ ስምንት፣ ስልሳ አንድ። “ደህና ነው” ይላሉ፤ መነጽሩ ወደ ኪስ ይመለሳል።

ነገሩ የተበላሸው ከመንደሩ በላይ ያሉት የመመለሻ ጉድጓዶች በመደፈናቸው ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ከውስጡ የሚለየው ነገር በቧንቧው ግድግዳ ላይ እንደ ብርጭቆ ይጋገራል፤ ሲቆይ ጉድጓዱ አልውጥ ይላል። በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ ጣቢያው ውሃውን በሙሉ ከሸንተረሩ ማዶ ወዳሉት አዳዲስ ጉድጓዶች አዞረው። ውሃው ይመለሳል፤ ውሉ አልፈረሰም። የሚመለሰው ግን ከካማዳኒ ሥር አልነበረም።

በአራተኛው ሳምንት የዋናው ምንጭ ሙቀት ሃምሳ ሰባት ሆነ። ፉሳኤ ቴርሞሜትሩን አራገፈችና ደግማ ለካች። ጣቷን ነከረች። ሃምሳ ሰባት ነው። የክትትል ጉድጓዱም ውሃ በአንድ ክንድ ወርዷል። ከምንጩ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ከዚህ በፊት ያልነበረ፣ የዲን ጋዝ የያዘ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፤ ድስት ውስጥ ውሃው ሲያንስ እንፋሎቱ እንደሚበረታው።

ለናጋሚኔ ደወለችለት። ናጋሚኔ የጣቢያው የጉድጓድ ክትትል ክፍል ኃላፊ ነው፤ ከሰሜን የመጣ፣ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው። መንደርተኛው ሲቆጣ ጎንበስ ብሎ የሚሰማ እሱ ነበር። ቁጥሩን ነገረችው።

“ፉሳኤ፣ ይህ እውነት ከሆነ በዚህ ብርድ ግማሹን ማጥፋት ሊኖርብን ነው” አለ። “የመሣሪያው ችግር ይሆናል። አዲስ አዝዣለሁ። እስኪመጣ ድረስ መጨረሻ የተረጋገጠውን ቁጥር ይጻፉ።”

“መጨረሻ የተረጋገጠው ስልሳ አንድ ነው።”

“እሱን ይጻፉ። ለሁለት ሳምንት ብቻ።”

“ጣቴም ሃምሳ ሰባት ነው የሚለው።”

በስልኩ ውስጥ ሳቅ ሲል ሰማችው። “ጣትዎን ለዋናው መሥሪያ ቤት በፖስታ ልልከው አልችልም” አለ። ክፋት አልነበረበትም።

ስልሳ አንድ ብላ ጻፈች። እውነተኛውን በሽርጧ ኪስ በምትይዘው ትንሽ ደብተር በእርሳስ አሰፈረችው፤ ያንን ደብተር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይዛዋለች፣ ዝናብ የጣቢያውን ቅጽ ስለሚያበሰብሰው። በሚቀጥለው ሳምንት ሃምሳ ስድስት፤ በቅጹ ላይ ስልሳ አንድ። ሁለቱ ሳምንት አራት ሆነ። አዲስ ዓመት መጣና መሥሪያ ቤቶች ተዘጉ፤ በረዶውም ወረደ።

አዲሱ ቴርሞሜትር ከበዓሉ በኋላ ደረሰ። እስከ ምንጩ ድረስ በደረቷ አቅፋ ወሰደችው። ሃምሳ አራት አለ። አሮጌውም ሃምሳ አራት አለ። ስትደውል ናጋሚኔ ለስብሰባ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዷል ተባለ፤ አንዲት ልጅ መልእክቷን ተቀበለቻት።

ያን ማክሰኞ ማንም ምንም አላዘዛትም። ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ብዙ ቆየች። ባለፈው ሳምንት ስልሳ አንድ፣ በዚህ ሳምንት ሃምሳ አራት ብትል፣ ውሃ በሰባት ቀን ሰባት ዲግሪ አይወርድም ይሏታል፤ ያለፉት ሳምንታት እንዴት ነበሩ ይሏታል። ናጋሚኔ ይመጣል፤ እሱ ያስተካክለዋል ብላ አሰበች። ስልሳ አንድ ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጠፈች።

በመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አሮጊቶቹ ብርድ አማረሩ። ገንዳው እንደ ድሮው አያቃጥልም፤ ክፍሉም ቶሎ ይቀዘቅዛል ይሉ ነበር። ቶኩጂ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት በጣታቸው እያሳዩ “ውሃውማ ያው ነው፤ የበረዳችሁ እናንተ ናችሁ” ብለው ያሾፉባቸዋል። ግን ልባቸው አልቻለም። ከጣራው ሥር ያሉትን የእንፋሎት መውጫ ፍርግርጎች በጣውላና በምስማር ዘጉላቸው።

ፉሳኤ በሚቀጥለው ማክሰኞ መጥታ ጣውላውን አየች። የቧንቧው የነሐስ እጀታ እንደ ከሰል መጥቆሩንም አየች፤ የዲን ጋዝ ሲበዛ ነሐስ ያጠቁራል።

“አጎቴ፣ ይሄንን ባይዘጉት ጥሩ ነበር።”

“ሴቶቹ ይንቀጠቀጣሉ እኮ።”

“ጋዙ መውጫ ያጣል።”

“ጋዙ ምን ሆነ? ሰባ ሦስት ዓመት ስምገው ኖሬያለሁ።” መጥረጊያቸውን አቁመው ቀረብ ብለው አዩዋት። “በወረቀትሽ ላይ ስልሳ አንድ ነው አይደል? ወይስ የተለወጠ ነገር አለ?”

ፉሳኤ በሽርጧ ኪስ ያለውን ደብተር ዳሰሰች። ምንጩ ሲንቆረቆር ይሰማ ነበር።

“የለም” አለች። “ለጥንቃቄ ብዬ ነው።”

“እንግዲያው በጸደይ አነሳዋለሁ።”

ይህ በሆነ በሰባተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ስትመጣ የቶኩጂ ቦት ጫማ በሩ ላይ ነበር። ማክሰኞና ዓርብ ገንዳውን አፍስሰው የሚፈገፍጉበት ሰዓት ነው። ውስጥ ሬዲዮው የሱሞ ትግል ያስተላልፋል፤ ተመልካቹ ይጮሃል። ተጣራች። በሩን ገፋ አደረገችና እግሯን ልታስገባ ስትል ቆመች።

ሽታ የለም። ከተወለደች ጀምሮ በዚያ ክፍል ውስጥ የዲን ሽታ ያልነበረበት ቀን አታውቅም። በጣቢያው ስልጠና ላይ በየዓመቱ የሚነግሯቸው ነገር አለ፦ የከረመ እንቁላል ሲሸታችሁ ተጠንቀቁ፤ ሽታው በድንገት ከጠፋ ግን ሩጡ፤ አፍንጫችሁ ሞቷል ማለት ነው፣ ተረኞቹ እናንተ ናችሁ። ትንፋሿን ያዘችና በበሩ ክፍተት አየች። ቶኩጂ ባዶው ገንዳ ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ብሩሹ ከእጃቸው አልወጣም።

ወደ ኋላ ሮጠች፤ በረዶው ላይ ወደቀች፤ ተነሥታም ጮኸች። የቶኩጂ የወንድም ልጅ ኬንዞ በጣቢያው ሙቅ ውሃ ከሚሞቀው የቲማቲም ማብቀያ ቤቱ ወጥቶ መጣ። ለእሳት አደጋ ሰዎች እንዲደውል ነገረችው። ረጅም ቀርከሃ አንሥታ ከውጭ በኩል ጣውላውን ትገነጥል ጀመር። ኬንዞ ደውሎ ሲመለስ ሊገባ በሩን ያዘ፤ ፉሳኤ ቀርከሃውን ጥላ ፊቱ ተደነቀረች። “ከገባህ ሁለት ሬሳ ነው የሚወጣው” አለችው። የእሷን እጥፍ ያህል ነበር፤ ግን ቆመ።

የቶኩጂ ሚስት ሚትሱ በቤት ጫማቸው በረዶውን እየረገጡ መጡ። ፉሳኤ ወገባቸውን አቅፋ ያዘቻቸው። ትንሽ ሴት ነበሩ፤ ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጡት አይታወቅም።

“ልቀቂኝ። ይተነፍሳል። ጀርባው ሲነሳ አየሁት።”

“አክስቴ፣ አይተነፍሱም።”

“አየሁት እኮ ነው የምልሽ። ልቀቂኝ አንቺ ሴት።”

የእሳት አደጋ ሰዎች ከታችኛው ከተማ ጭንብላቸውን ይዘው እስኪደርሱ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ያን ሁሉ ጊዜ በሩ ክፍት ነበር፤ ሬሳው ይታያል፤ ሬዲዮውም ትግሉን ያወራል። ሚትሱ የፉሳኤን እጅ እስኪደማ ቧጨሩት፤ እሷም አልለቀቀችም። ሐኪሙ በኋላ ሁለት ሦስት ትንፋሽ ብቻ እንደበቃቸው ተናገረ። ሚትሱ ግን ያን አላመኑም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በመንደሩ አዳራሽ ስብሰባ ሆነ። ከአውራጃው የመጡ ባለሙያዎች፣ ፖሊስ፣ ከጣቢያው ዋና መሥሪያ ቤት የተላኩ ሁለት ሰዎች፣ ናጋሚኔ በግድግዳው ጥግ። ወረቀት ታደለ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ሰው በጣም ጎንበስ ብሎ ሐዘኑን ገለጸና ያለፉት አሥር ሳምንታት የምንጩ ሙቀት እንዳልተለወጠ፣ ቁጥሩንም የሰበሰቡት የመንደሩ ሰው መሆናቸውን አነበበ። ፉሳኤ የራሷን የእጅ ጽሑፍ ተመለከተች። ስልሳ አንድ ከላይ እስከ ታች ተሰልፏል።

“እንግዲያው አጎቴ በገዛ ምስማሩ ነው የሞተው” አለ ኬንዞ፣ ለማንም ሳይሆን። “ጣውላውን ባይመታው ኖሮ።”

ሚትሱ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ፤ የባላቸውን ጥፋት የተቀበሉ መሰሉ። ያን ጊዜ ፉሳኤ መነሳት ነበረባት፤ አልተነሳችም። ስብሰባው አለቀ፤ ሰው ጫማውን አድርጎ ተበተነ።

በማግስቱ ጠዋት ደብተሯን ይዛ ወደ ጣቢያው ወጣች። ናጋሚኔ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ገጹን እየገለጠ አነበበ፦ ሃምሳ ሰባት፣ ሃምሳ ስድስት፣ ሃምሳ አራት፣ ሃምሳ አንድ፣ አርባ ስምንት። ከጎኑ በትንሽ ፊደል “አረፋ በዝቷል”፣ “እጀታው ጠቁሯል”፣ “ፍርግርጉ ተዘግቷል” ይላል።

“ይህን ይዘው ከወጡ የሚጠየቁት እርስዎም ነዎት” አላት።

“አውቃለሁ።”

“መጀመሪያ ስልሳ አንድ ይጻፉ ያልኩት እኔ ነኝ።”

“የመጀመሪያዎቹን። የኋለኞቹን እኔ ነኝ የጻፍኩት።”

ናጋሚኔ ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ከውጭ የማቀዝቀዣው ማማ ነጭ እንፋሎት ይተፋል። ሲመለስ ደብተሩን ወስዶ በማባዣው ማሽን እያንዳንዱን ገጽ አባዛ፤ ዋናውን መልሶ በሁለት እጁ ሰጣት። ከዚያ ኮቱን ለበሰ፤ አብረው ወደ አውራጃው ቢሮ ወረዱ። በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ፤ መልእክቷ በዓሉ እንዳለቀ ደርሶት እንደነበር፣ እስከ አደጋው ቀን ድረስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ለመደወል ድፍረት እንዳጣ ነገራት።

ናጋሚኔ ከሥራው ተነሥቶ ወደ ሩቅ ቦታ ተዛወረ፤ ሚስቱም አብራው አልሄደችም ተባለ። ጣቢያው ከመንደሩ በላይ ያሉትን አሮጌ ጉድጓዶች ጠርጎ ውሃውን መልሶ ወደዚያው አዞረው። መታጠቢያ ቤቱ በሰንሰለት ተዘጋ። ፉሳኤ የሐሰት ቁጥር ጽፋለች ተብላ ተሰናበተች፤ ከሕግ ግን በማስጠንቀቂያ አለፈች። እሷን የተካት በምንጩ ላይ የተተከለ መሣሪያ ነው፤ ቁጥሩን ራሱ ይልካል።

መንደሩ ለሁለት ተከፈለ፤ በሁለቱም ወገን የሚወዳት አልነበረም። ገሚሱ ቶኩጂን የገደለችው እሷ ናት አለ። የቲማቲም ቤት ያላቸው ደግሞ ጣቢያው ተቀይሞ ሙቅ ውሃውን ይቆርጥብናል ብለው ፈሩ፤ ዝም ብትል ምን ነበረበት አሉ። ኬንዞ መንገድ ላይ ሲያገኛት ተሻግሮ ያልፋል። እሷ ማንንም አልወቀሰችም። በአባቷ ጫካ ውስጥ ግንድ እየበሳች በቀዳዳው እንጉዳይ ማብቀል ጀመረች፤ ከሰው ጋር የማያገናኝ ሥራ ነው።

ሚትሱ የመጡት በአራተኛው ዓመት፣ በአንድ ዝናባማ ጠዋት ነው። ፉሳኤ በዳሱ ሥር ግንድ ትበሳ ነበር። ሚትሱ ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ ቆሙ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ተነጋግረው አያውቁም።

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት” አሉ። “ያኔ እውነቱን ብትጽፊው ኖሮ የሚያነበው ሰው ነበር?”

ፉሳኤ መሰርሰሪያውን አስቀመጠች። “ናጋሚኔ ያነበው ነበር። ከሱ በላይ ያሉትን አላውቅም።”

“እነሱን አይደለም የምልሽ። ግድግዳው ላይ።”

ዝናቡ የዳሱን ቆርቆሮ ይደበድባል። ፉሳኤ መዋሸት ትችል ነበር፤ ሚትሱ ምናልባት የመጡት ያን ሊሰሙ ይሆናል።

“አጎቴ ያነቡት ነበር” አለች።

“አዎ” አሉ ሚትሱ። “እሱ ያነበው ነበር።”

ጥቂት ቆመው የተደረደሩትን ግንዶች አዩ። ቀጥለው ስለዚያች የሃያ አምስት ደቂቃ ጉዳይ ተናገሩ። ስለያዝሽኝ ሰው ሁሉ አመስግኛት ይለኛል፣ ልጄም ሕይወትሽን አትርፋልሻለች ይለኛል፤ እኔ ግን እስካሁን አፌ እሺ አላለኝም አሉ። ፉሳኤ እንዲያመሰግኗት እንደማትፈልግ ነገረቻቸው። ሚትሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጭቃውን እየመረጡ ቁልቁል ወረዱ።

በዚያው ዓመት ልጃቸው መጥቶ ወደ ከተማ ወሰዳቸው። ዕቃው በጭነት መኪና ሲጫን የመጣው ሰው ጥቂት ስለነበር ፉሳኤም ሄዳ የፍራሹን አንድ ጫፍ ያዘች፤ ማንም ሂጂ አላላትም፤ ማንም ነዪ ብሎም አልጠራትም። ሚትሱ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው ወደ ፊት ያዩ ነበር።

ምንጩ በስድስተኛው ዓመት ማገገሙን መሣሪያው አሳየ። መታጠቢያ ቤቱን እንክፈተው ብሎ ያነሳ ሰው አልነበረም፤ ጣራው በበረዶ ክብደት ከአንድ ወገን ወርዷል። ፉሳኤ አሁን ስልሳ አምስት ዓመቷ ነው። ቤቷ ውስጥ ከከተማ በሚመጣ የጋዝ ሲሊንደር በሚሞቅ ውሃ ትታጠባለች። ከጎረቤት ሁለት ቤት ባዶ ነው፤ አንደኛውን የዱር አሳማ ሰብሮ ገብቷል፤ በሩን በጣውላ የሚመታው ሰው እስኪገኝ ድረስ እሷ በድንጋይ ደግፋዋለች።